ሳትቀምስ የማትሰጠው አጅዋንግ

እኔ በቀላሉ የሚቀፈኝ ሰው አይደለሁም። ጎግ ወረዳ ጊኒ ዎርም በነበረበት ዘመን ከሰው እግር ውስጥ ክንድ የሚያህል ነጭ ትል በእንጨት ላይ እየጠቀለልኩ ስስብ አርፍጄ፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን የምበላ ነርስ ነበርኩ። መግል፣ ትውከት፣ የሸተተ ቁስል፣ ሁሉን አይቻለሁ፤ ፊቴን አላዞርኩም። የሰው ነዋ! ከሰው የወጣ ነገር ምኑ ይቀፋል?

የሚቀፈኝ ሌላ ነው። ሰሞኑን ጎረቤቴ መቅደላዊት «ትርንጎ፣ ነይማ ጉድ እይ!» ብላ ቴሌቪዥኗ ፊት ጎለተችኝ። ሰው የሚመስል ሮቦት ነው። ሴት አድርገው ሠርተዋታል፤ ቆዳዋ ጎማ፣ ዐይኗ ይርገበገባል፣ «እዚህ በመገኘቴ ደስ ብሎኛል» ትላለች። ደስታን የት ታውቂዋለሽና! አጠገቧ የቆመው ሰውዬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተነትናል፤ ወደፊት የሞተ ሰው ድምፅ እንኳ ተቀድቶ ከዘመዶቹ ጋር ሊያወራ ይችላል እያለ ጥርሱን ያሳያል። መቅደላዊት «እኔስ ፈራሁ» ብላ አማተበች። እኔ አልፈራሁም። ቀፈፈኝ እንጂ። ተነስቼ ልወጣ ስል «ምነው?» ብትለኝ፣ «ይህችን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ ያኔ የጓደኛዬን ልብስ ለብሳ ነበር» አልኳት። ያበድኩ መስሏት እንደገና አማተበች።

አላበድኩም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ የእኔን ጉድ ያየሁት ጋምቤላ፣ በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ስለዚያች ነገር ከማውራቴ በፊት ግን ስለ አጅዋንግ ልናገር። ሰው የነበረችው እሷ ናት።

ከደብረ ታቦር ተመድቤ ጋምቤላ ስገባ ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ብዙም አልቆየም። የቢሮው ስም አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ፤ ወንበሩ ብቻ የድሮው ነበር፣ ያውም እግሩ የተሰበረ። ሙቀቱ አናቴን ሊፈነቅለው ደርሷል። ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ አንዲት ረጅም ጥቁር ሴት መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ደገኛ ናት። ሳምንት ሳይሞላት ታለቅሳለች» አለች። አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እኔ ከማለቀሴ በፊት አንቺን አስለቅስሻለሁ» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቿ በአገሯ ወግ የወለቁ ናቸው፤ ስትስቅ ያ ባዶ ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። አጅዋንግ ማለት ይህች ናት።

ጎግ ተወልዳ ያደገች አኝዋክ ነበረች። ሥራዋ መንደር ለመንደር እየዞሩ ጤና ማስተማር ነው፤ ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በኩሬ ውሃ ስለሆነ «በጨርቅ ሳታጣሩ አትጠጡ» ትላለች። ቅድስት ነበረች ብዬ አልዋሽም። ግትር ናት፤ ሳሙናዬን ወስዳ ትጨርሰዋለች፤ የቢሮውን መኪና በደረቅ ዓሣ ታገማዋለች። «ሽታው ራሴን በጠሰው!» ስላት «ቅቤ የተቀባ ፀጉርሽስ?» ትለኛለች። ባሏ ኦጁሉ በቤተ ክርስቲያናቸው ድምፁ የታወቀ ዘማሪ ነበር፤ እሷ ግን ዜማ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፣ እንዲያም ሆኖ ከመዘምራኑ ሁሉ በላይ ትጮኻለች። ኦጁሉ የሚሠራው ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዕቃ ያወርዳል፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች ያባርራል። «የእኔ ባል የአውሮፕላን እረኛ ነው» እያለች ስትቀልድበት እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

አንድ ነገር ግን ነበራት። በእነሱ መንደር ውሃም ይሁን ጠላ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። እኛም አገር ጠላ የምትቀዳ ሴት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስ የለ? እኛ ግን ለወጉ ነው፤ አንዳንዴም እንረሳዋለን። አጅዋንግ አትረሳም። በተለይ ቢሮው በየኩሬው መድኃኒት መጨመር ከጀመረ ወዲህ «ሊመርዙን ነው» የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። እሷ ታዲያ መድኃኒት የገባበት ኩሬ ዳር ትንበረከካለች፣ በጨርቅ አጣርታ በቅል ትቀዳለች፣ ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። ከዚያ ትቆምና እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ በአኝዋክኛ «ጠጣሁ። ሞትኩ? አልሞትኩም። እናንተም ጠጡ» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ ቅሉም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እኔ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ «ነርሷ ፈራች!» ብላ በአደባባይ ታዋርደኛለች፤ ምን አማራጭ አለኝ፣ እጠጣለሁ።

በሰማንያ ስድስት ከፋሲካ በኋላ አቶ አሸብር ወደ ቢሮው ጠራት። የጤና ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው፤ እንደኔው ደገኛ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ የሚውል። ክፉ ሰው አልነበረም። አዲስ ዕቃ ሲያይ ግን ቀልቡ ይወሰዳል። «ለመኪናው ድምፅ ማጉያ የሚሆን ካሴት እንቅዳ» ብሎ ቴፑን ከፊቷ አስቀመጠ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። አጅዋንግ በደንብ ስትናገር ቆይታ «ጠጣሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ አቋርጣ ዙሪያዋን ፈለገች።

«ውሃ የት አለ?» አለች።

«ለቴፕ ነው እኮ፣ አጅዋንግ፤ ማን ያይሻል?» አለ አቶ አሸብር።

«ሳልጠጣ ጠጣሁ ልበል?»

ወጣች፣ ከበርሜሉ ቀዳች፣ አጣራች፣ ተመልሳ ቴፑ ፊት ቆማ ጠጣች። ጉሮሮዋ ውሃውን ሲያወርድ ካሴቱ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በኋላ ካሴቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሲባዛ «ይህ ጉርጉርታ ይረብሻል» ብለው ያንን ቆርጠው አወጡት። አቶ አሸብር ራሱ ነው የነገረኝ፣ «አሁን ጠራ» ብሎ በኩራት።

በሐምሌ አጅዋንግ በወባ ሞተች። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ እኔ አጠገቧ ሆኜ፣ መርፌውን በእጄ ይዤ ነው የሞተችው። ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው እናቷ ከጎግ መምጣት አልቻሉም፤ ኦጁሉ እዚያው ከተማ ቀበራት። መንገዱ ሲደርቅ ሊያረዳቸው ሄደ። እናትየው ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ የሚያውቁት በእጃቸውና በጆሯቸው ነው። መርዶውን ሰምተው አላለቀሱም። «ያልዳሰስኩትን አልቀብርም» አሉት። በየቀኑ ለልጃቸው በቅል ውሃ ቀድተው በር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከመንገድ ስትገባ ይጠማታል እያሉ። ኦጁሉ ተመልሶ ይህንን ነገረኝ። «ሲስተር፣ እናቷ እየጠበቁ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የተጨነቀው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እሳቸው ነበር፤ ልጃቸው መሞቷን አምነው አልቅሰው እንዲወጣላቸው ብቻ ነው የፈለገው።

ኅዳር ላይ አውሮፕላኑ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ። የላከው አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በትከሻው ተሸክሞ አውርዶ መኪናችን ላይ የጫነው ኦጁሉ ነበር፤ ምን እንደተሸከመ ማን ይንገረው! ሣጥኑ ቢሮ ግቢ ሲከፈት አቶ አሸብር እንደ ሚዜ ይንጎራደዳል። ውስጡ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጎማ ናት። በመኪና ባትሪ አንገቷ ይዞራል፣ ዐይኗ ይከደናል፣ ደረቷ ውስጥ ካሴት ሲከቱባት አገጯ በድምፁ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። «መምህርት» ብለው ስም አወጡላት። ስትመጣ የተገፈፈ አሳማ ነበር የምትመስለው፤ «የአካባቢውን ሰው ትምሰል» ተብሎ ቡናማ የበር ቀለም ተቀባች። ቀለሙ በዚያ ሙቀት አልደርቅ አለ። አንገቷ ሥር ተልጦ ሮዙ ይታያል፤ ዝንብ ያርፍባትና እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ሽታዋ የተቃጠለ ጎማ ነው። ጥፍር ሳይቀር ሠርተውላታል። ኤጭ! ጥፍሯን ሳይ ነው መጀመሪያ ዝግንን ያለኝ።

ለምረቃው ቀን ባዶዋን አትቀርብም ተባለና ከመጋዘን ነጭ ጋውን አምጥተው አለበሷት። ጋውን ሁሉ አንድ ነው ብለው ይሆናል። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ሳይ የግራ ኪሱ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ጎግ እያለን የአጅዋንግን ኪስ ሽቦ ቀዶባት፣ እናቷ ዐይናቸው ደህና ሳለ የሰፉላት ነው።

«የሟች ልብስ ነው እኮ ይሄ!» ብዬ ጮኽኩ።

የመጋዘኑ ሰውዬ «ታጥቧል፣ ሲስተር» አለኝ። ታጥቧል!

እንግዶቹ ተሰበሰቡ፣ ባትሪው ተገጠመ። አንገቷ ጢጥ ጢጥ እያለ ዞረና አገጯ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ የአጅዋንግ ነበር። ያው ጎርነን ያለው ድምፅ፣ ያው በጥርሷ ክፍተት የሚያፏጨው። «ጠጣሁ። ሞትኩ? አልሞትኩም። እናንተም ጠጡ።» እንግዶቹ አጨበጨቡ። የምታውቃት የጽዳት ሠራተኛችን ግን መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች። እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ ቁርሴን መለስኩት። በዚያ ሁሉ ትል ያልተገላበጠ ሆድ!

ወሬው ኦጁሉ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በነጋታው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። አቶ አሸብር ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ ወንበር ሳበለት።

«ኦጁሉ! ልትኮራ ይገባል እኮ፤ ሚስትህ ሕያው ሆነች ማለት ነው። በየመንደሩ ታስተምራለች።»

«አቶ አሸብር፣ እኔ ኩራት አልፈልግም» አለ ኦጁሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ። «የሚስቴን ድምፅ ከዚያ ነገር ውስጥ አውጡ።»

«ካሴቱ የቢሮ ንብረት ነው። ደግሞ በሌላ ሰው ድምፅ እስክንቀዳ ፕሮግራሙ ያልፋል።»

«መጀመሪያ የምትሄዱት ጎግ ነው። እናቷ መንደር። እናቷ አልቀበሩም። ከሰሙ ምን ብዬ አስረዳለሁ? በሕይወት አለች ይላሉ።»

«እንዲያውም ይጽናናሉ» አለ አቶ አሸብር።

እኔ አልቻልኩም። «ይጽናናሉ? አንተ እናትህ ሞተው አሻንጉሊት በድምፃቸው አልሞትኩም ቢልህ ትጽናናለህ?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። «ሲስተር ትርንጎ፣ ስሜታዊ አትሁኚ፤ ይህ ቴክኖሎጂ ነው» አለኝ። ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ በሰማሁ ቁጥር ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

ኦጁሉ ለመነ። ቢያንስ ያንን መንደር ዝለሉት አለ። አይሆንም ተባለ፤ መድኃኒት የሚጨመርበት ኩሬ ያለው እዚያ ነው፣ ፎቶ የሚነሳውም እዚያ ነው። «እንግዲያው አብሬ እሄዳለሁ፤ ቀድሜ ገብቼ እነግራቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። አቶ አሸብር ደስ አለው፤ ባትሪ የሚሸከም ሰው አልነበረውማ።

እንዲህ አድርገን ሄድን። ሾፌሩ አብኔርና አቶ አሸብር ፊት፣ እኔና ኦጁሉ ኋላ። ያቺ ነገር መኻላችን። ሌላ ቦታ አልነበረም። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ አንገቷ ወደ እኔ ይወድቃል፣ አንድ ዐይኗ ይከፈታል። በላብ የራሰ ክንዴ ከክንዷ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ጠጥ ይላል፣ ቡናማው ቀለም ነጠላዬ ላይ ይቀራል። ኦጁሉ አቦቦ ከተማን እስክናልፍ ድረስ በመስኮት ውጪ ውጪውን አየ። አንዴ ብቻ ዞሮ የጋውኑን ኪስ፣ ያንን ሰማያዊ ክር ተመለከተና እጁን አፉ ላይ ጫነ። አብኔር እንኳ፣ ያ ቀልደኛ፣ ኋላን የሚያሳየውን መስታወት ወደ ጣሪያው አዞረው።

መንደሩ ስንደርስ ሰዉ ኩሬው ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ነገርዬዋን ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ባትሪውን ከኋላ ደበቁት። ኦጁሉ «እናቷ ቤት ደርሼ ልምጣ፤ እስክመለስ እንዳትከፍቱ» አለና በእርሻው መኻል እየሮጠ ሄደ። አቶ አሸብር ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የካሜራውን ክዳን አነሳ።

«ጠብቀው እንጂ!» አልኩት።

«ብርሃኑ ጥሩ ነው አሁን» ብሎ ማብሪያውን ተጫነ።

ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ወፎቹ ከማንጎው ላይ ብትን አሉ። «ጠጣሁ። ሞትኩ? አልሞትኩም። እናንተም ጠጡ።» ሰዉ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። አንዳንዱ አፉን ያዘ፣ አንዲት ሴት «አጅዋንግ ናት!» ብላ አለቀሰች። ካሴቱ ሲያልቅ ራሱን እየመለሰ ደገመው። ደግሞ ደገመው። ከዚያ ሰዉ መንገድ ሲለቅ አየሁ። እናትየው ናቸው። ኦጁሉ በእርሻው ሲሄድ እሳቸው ድምፁን ሰምተው በሌላኛው መንገድ መጥተዋል። በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው ያ የበር ላይ ቅል፣ ውሃው እየተንጠባጠበ።

«አጅዋንግ!» አሉ። እኔ አኝዋክኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ ይህን ለመረዳት ግን ቋንቋም አያስፈልግም። ፊታቸው ሁሉ በርቷል። «መጣሽ! ዋሹኝ እኮ! እንቺ፣ ጠምቶሻል።»

ተጠግቼ ልይዛቸው ስል ቅሉን አፏ ላይ አድርሰውታል። አገጩ ከፍ ዝቅ እያለ ቅሉን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ውሃው በአገጯ፣ በአንገቷ፣ በጋውኑ ላይ ወረደ፤ ቀለሙን ይዞ ቡናማ ሆኖ እናትየው እግር ላይ ተንጠባጠበ። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም። እሷ ግን አላቆመችም፤ «ጠጣሁ» ትላለች። «ጠጣሁ። ሞትኩ? አልሞትኩም።» አቤት፣ ያንን አፍ በጥፊ ባልኩት! እናትየው ቅሉን ዝቅ አድርገው በጣታቸው ከንፈሯን ዳሰሱ፣ ጉንጯን፣ ጥርሷን። የታች ጥርሶቿ ሙሉ ነበሩ። ጣታቸውን አሸተቱት። ያ የበራው ፊት ቀስ እያለ ጠፋ።

«አልጠጣችም» አሉ።

ይህ ቃል በሰዉ መኻል ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። አልጠጣችም፣ አልጠጣችም። የመንደሩ የውሃ አስተባባሪ ኦፒው የሚባል ሽማግሌ ነው፤ አጅዋንግ ራሷ ያስተማረችው። መጣና የማጣሪያ ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ ነገርዬዋ እግር ሥር ጣለው። «ሳይጠጣ ጠጣሁ የሚል አፍ ነው የላካችሁልን። ያኔም እንዲህ ስታታልለን ኖሮ ይሆን?» አለ። ሌላውም ጣለ። ሌላዋም። ጨርቁ እየተከመረ ሲሄድ አንጀቴ እርር አለ። ያቺ ግትር፣ ለቴፕ እንኳ ሳትጠጣ ጠጣሁ ያላለች ሴት፣ በሞተች በአራተኛ ወሯ በገዛ አገሯ ውሸታም ልትባል ነው! አቶ አሸብር «ተረጋጉ፣ ተረጋጉ» ይላል በአማርኛ።

ኦጁሉ ያኔ ደረሰ፣ እያለከለከ። አየ። ከክምሩ ላይ አንድ ጨርቅ አነሳ፣ ኩሬው ዳር ተንበረከከ፣ ከእናትየው እጅ ቅሉን ተቀብሎ አጣርቶ ቀዳ። ሁሉም እያየው ግጥም አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ነው የተናገረው፤ ድምፁ ዘማሪ ነውና ከማጉያው በላይ ተሰማ።

«አጅዋንግ ጠጥታለች። ሁላችሁም ጉሮሮዋን አይታችኋል። የሞተችው በወባ ነው፣ በውሃ አይደለም። ይህ የእሷ አፍ አይደለም።»

አብኔር ከኋላ ሄዶ የባትሪውን ሽቦ ነቀለው። ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ «አልሞት…» ብሎ ተቋረጠ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ። እናትየው ፊታቸውን ወደ ኦጁሉ አዞሩ።

«አንተ ነህ የቀበርካት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። በእጄ።»

«ምን ለብሳ?»

«አረንጓዴውን ቀሚስ። እርስዎ የሰጧትን።»

እጃቸው አሁንም የጋውኑ ደረት ላይ ነበር። ወረደ፣ ወደ ግራ ኪሱ፣ ወደ ስፌቱ። ጣታቸው በክሩ ላይ ሄዶ ሄዶ ቆመ። የገዛ ስፌታቸውን አወቁት። «ይህስ? ይህ ልብሷ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። ኦጁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልስ ያለው አቶ አሸብር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የካሜራውን ክዳን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

እናትየው ቁልፉን መፍታት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንደሚያወልቁ። ማንም አልከለከላቸውም። ጋውኑ ሲወርድ ያ ሮዝ ገላ ወጣ፤ ቀለም ያልደረሰው፣ ብሎን ብሎን ያለበት፣ ደረቱ ላይ የካሴት በር ያለው። ሰዉ አልሳቀም። አንዲት ሴት ምራቋን እንትፍ ብላ ፊቷን አዞረች። ልክ ነሽ እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ አደረግኩ። ኦጁሉ የደረቱን በር ከፍቶ ካሴቱን አወጣና ኪሱ ከተተው። አቶ አሸብር «የቢሮው…» ብሎ ጀመረ። አየሁት። የጀመረውን ዋጠው።

እናትየው ጋውኑን አጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ቅሉ ውስጥ ኦጁሉ ያስተረፈው ውሃ ነበር። ተቀበሉት፣ ጠጡት፣ እስከ ጠብታው። ከዚያ ወደ እኛ፣ ወደ ቢሮው ሰዎች ዞረው «ይህንን ውሰዱልኝ። ልጄ ተቀብራለች» አሉ። ይህን ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና ያን ሁሉ ወር ያላለቀሱትን አለቀሱ። ሴቶቹ ከበቧቸው። ኦፒው ጎንበስ ብሎ የራሱን ጨርቅ ከክምሩ ፈልጎ አነሳ፤ ትከሻው ላይ መልሶ ጣለው።

ኦጁሉ ለልቅሶው እዚያው ቀረ። ባትሪውን የሚሸከም ስላልነበረ አቶ አሸብር ራሱ ተሸከመው። ስንመለስ ነገርዬዋ ኋላ አጠገቤ ናት፤ ራቁቷን፣ አፏን ከፍታ፣ በየጉድጓዱ ራሷን እየነቀነቀች። ጋምቤላ ልንገባ ስንል አቶ አሸብር ዞር አለ፤ ዐይኔን ግን ማየት አልቻለም።

«ሲስተር፣ ከተማ ውስጥ ሰው ያየናል። ይቺን ነጠላሽን ጣል አድርጊባት።»

«ለምን? በረዳት?» አልኩት።

«እንዲያው ነውር ነው፤ የሴት አካል…»

«የሴት አካልማ ሐምሌ ላይ ቀብረናል፣ አቶ አሸብር። ነጠላዬ የሰው ልብስ ነው።»

አብኔር መኪናውን ዳር አቆመ፤ ማንም እንዲያቆም አላለውም። ሞተሩን አጥፍቶ እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቅ ጀመር። ከሩቅ ሴቶች ማገዶ ተሸክመው እየመጡ ነበር። አቶ አሸብር ወደ እነሱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ያንን በየትኛውም ሙቀት የማያወልቀውን ኮቱን አወለቀ። ወደ ኋላ ተንጠራርቶ አለበሳት። ቁልፉን ሲቆልፍላት ቀለሙ በሁለት እጆቹ ላይ ተላከከ፤ አሽቶ አሽቶ እምቢ ሲለው ሱሪው ላይ ጠረገው።